ሰልፉ ወደየት ነው የሄደው? የ1978ቱ የቪክቶሪያ ፓርክ ካርኒቫል

ሚያዝያ 22 ቀን 1970 ዓ.ም. የፋሲካ እሑድ ነበር። አገር ቤት ዶሮ ወጡ ተሠርቶ፣ በየማዕዱ ግን የጎደለ ልጅ እየታሰበ የተዋለ ፋሲካ ነው፤ የቀይ ሽብር ዘመን ነበርና። ለንደን የራሷን ፋሲካ ከወር በፊት አክብራ ጨርሳለች። ለእሷ ቀኑ ኤፕሪል 30፣ 1978 ነው፤ በማግስቱ ሰኞ ሜይ ዴይ በእንግሊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕዝብ በዓል ሆኖ ይውላል። በዚያ እሑድ ጠዋት ትራፋልጋር አደባባይ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተሰበሰበ። አብዛኛው ወጣት፣ አብዛኛው ነጭ፣ ብዙው ከሌላ ከተማ በአውቶቡስ የመጣ። ለሙዚቃ ነው የመጡት ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሙዚቃው ግን ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በምሥራቅ ለንደን፣ ቪክቶሪያ ፓርክ ውስጥ ነው። የቀኑ አሰናዳድ እንዲህ ነበር፤ መጀመሪያ ዘረኝነትን የሚቃወም ሰልፍ፣ ከዚያ ጭፈራ።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ስለዚያ መንገድ ነው። ስለ እኩልነት ተብሎ የሚዘጋጅ የሜዳ ኮንሰርት ዛሬ ሞልቷል። ሲወራም የሚወራው መድረኩ ላይ ማን እንደወጣ፣ ማን ምን እንደዘፈነ ነው። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሜዳው የት ነበር? ሕዝቡስ በማን ደጃፍ አልፎ ደረሰበት? የቪክቶሪያ ፓርኩ ካርኒቫል የሠራውም፣ ሳይሠራ የቀረውም፣ አምስት ወር ቆይቶ የተሳሳተውም በእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ አለ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በስካር አፍ በተነገረ ቃል ነው። ኦገስት 5፣ 1976፣ በርሚንግሃም ከተማ ኦዲዮን አዳራሽ ውስጥ ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን ዘፈኑን አቋርጦ ለታዳሚው ፖለቲካ ይሰብክ ጀመር። ስደተኛን የሚቃወመውን ፖለቲከኛ ኢኖክ ፓወልን ደግፉ፣ እንግሊዝ የጥቁር ቅኝ ግዛት እንዳትሆን አለ። ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ ምናልባት በዚያው ይቀር ነበር። ክላፕተን ግን ጊታሩን ከጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ የተማረ ሰው ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ የቦብ ማርሌን ዘፈን ተጫውቶ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጥቶለታል። በበሉበት ወጭት ሰባሪ ማለት ይኸው ነው። ሬድ ሳንደርስ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺና ጓደኛው ሮጀር ሃድል፣ ሌሎችም ፈርመውበት፣ ለሙዚቃ ጋዜጦች የቁጣ ደብዳቤ ጻፉ። ዘፈኑ በማርሌ አንደበት ሸሪፉን ገደልኩት የሚል ስለሆነ፣ በግርጌው ላይ ክላፕተንን ሸሪፉን የገደለው ማን እንደሆነ ጠየቁት፤ አንተስ አይደለህም ብለው። ደብዳቤው ሲዘጋ ዘረኝነትን በሙዚቃ የሚቃወም ንቅናቄ እንፍጠር ይላል። መልሱ ጎረፈ። ሮክ አጌንስት ሬሲዝም የተባለው ድርጅት በዚህ ተወለደ።

አሠራራቸው ቀላል ነበር፤ ቀላልነቱ ግን አያታልል። ጥቁር ባንድና ነጭ ባንድ በአንድ ምሽት፣ በአንድ መድረክ። ዛሬ ይህ ምንም አይመስልም። በዚያን ጊዜ ሬጌ የሚደመጠው በካሪቢያን ልጆች ቤትና ክበብ ነው፤ ፓንክ የሚባለው ፈጣንና ጯሂ ሮክ ደግሞ በነጭ ወጣቶች መጠጥ ቤት። መሐሉን ያገናኙት ጥቂቶች ነበሩ። ከጃማይካውያን ወላጆች የተወለደው ዶን ሌትስ ሮክሲ በሚባለው የፓንክ ክበብ ዲጄ ሆኖ፣ በባንድና በባንድ መካከል ባለው እረፍት የሬጌ ሸክላ ያሰማ ነበር፤ ያኔ ለማጫወት የሚበቃ የፓንክ ሸክላ ገና አልወጣም። ሮክ አጌንስት ሬሲዝም ይህን አጋጣሚ ደንብ አደረገው። በየከተማው ክበብ ተቋቋመ፤ ቴምፖራሪ ሆርዲንግ የሚባል፣ በፎቶና በትልልቅ ፊደል የተጥለቀለቀ ጋዜጣም ይወጣ ጀመር።

ኢስት ኤንድ የሚሉት የለንደን ምሥራቃዊ ሰፈር ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የሰልፉ ነገር አይገባም። ወደብ የነበረበት፣ መርከብ ያመጣው ስደተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፍበት ድሃ ሰፈር ነው። አይሁዱም፣ አየርላንዱም፣ በኋላ ከባንግላዴሽ፣ ከሲልሄት የመጣው ቤንጋሊም በተራ በተራ አርፎበታል። ስደተኛን የሚጠላ ፖለቲከኛም ድምፅ ፍለጋ የሚወርደው ወደዚያው ነው። በ1936 ኦክቶበር 4 ቀን የእንግሊዝ ፋሺስቶች መሪ ኦስዋልድ ሞስሊ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹን አሰልፎ በኬብል መንገድ ሊያልፍ ሲሞክር የሰፈሩ ሰው መንገዱን በእንጨትና በድንጋይ ዘግቶ መልሶታል። ሞስሊ ለእኛ ባዳ አይደለም። ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር የሞስሊ ፓርቲ በሙሶሊኒ ላይ ማዕቀብ እንዳይጣል የዘመተ፣ እንግሊዝ የራሷን ጉዳይ ትይ የሚል መፈክር ይዞ የዞረ ፓርቲ ነው። በኬብል መንገድ ሲመለስ ጃንሆይ እንግሊዝ ከገቡ አራት ወር ሆኗቸው ነበር።

ሰፈሩ ሁልጊዜ እንዲያ ጀግና አልነበረም። ኤፕሪል 20፣ 1968 ኢኖክ ፓወል ስደተኛ በዝቶ ደም ሊፈስ ነው የሚል ንግግር በርሚንግሃም ላይ አደረገ። ንግግሩ ከጥላ ካቢኔ ሥልጣኑ አስነሳው። ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ሺህ ያህል የወደብ ሠራተኞች ሥራ አቁመው እሱን ለመደገፍ ከምሥራቅ ለንደን ወደ ፓርላማው በእግራቸው ተመሙ። አቅጣጫውን ልብ በሉልኝ፤ ከኢስት ኤንድ ወደ ዌስትሚኒስተር። ልክ በአሥር ዓመቱ፣ በዚያው ወር፣ ካርኒቫሉ ያንኑ መንገድ ገልብጦ ሄደበት። ከመሐል ከተማ ወደ ኢስት ኤንድ።

በ1978 የዚያ ሰፈር ራስ ምታት ናሽናል ፍሮንት የሚባለው ዘረኛ ፓርቲ ነበር። በ1967 የተመሠረተ ነው። በ1977ቱ የለንደን ምክር ቤት ምርጫ ከ119 ሺህ በላይ ድምፅ አገኘ፤ ሆክስተን፣ ሾርዲችና ቤትናል ግሪን ደግሞ እንደ ቤቱ የሚቆጥራቸው ቦታዎች ሆኑ። እሑድ እሑድ ጠዋት አባላቱ ብሪክ ሌን ገበያ ጫፍ ላይ ቆመው ጋዜጣቸውን ይሸጣሉ። ሽያጩ ሰበብ ነው። ዋናው ቁም ነገር መቆሙ ነው፤ ገበያ የወጣው ቤንጋሊ በእነሱ ፊት ማለፍ አለበት። በኦገስት 1977 ፓርቲው በደቡብ ለንደን ሉዊሻም ሰልፍ ሲወጣ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ተደባደበ። በኖቬምበር እሱን የሚቃወም አንቲ ናዚ ሊግ የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። በጃንዋሪ 1978 የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ማርጋሬት ታቸር በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ሕዝቡ አገራችን በሌላ ባህል ሰዎች ልትጥለቀለቅ ነው ብሎ ይፈራል አሉ። የአካባቢ ምርጫ ደግሞ ሜይ 4 ቀን ነው። እንግዲህ ካርኒቫሉ ከምርጫው አራት ቀን ቀድሞ፣ ምርጫው በሚያሰጋበት ሰፈር ተጠራ ማለት ነው። ጠሪዎቹ ሁለቱ ድርጅቶች፣ ሮክ አጌንስት ሬሲዝምና አንቲ ናዚ ሊግ ናቸው፤ አንዱ ሙዚቃውን ያውቃል፣ ሌላው ሰልፉን።

በአዘጋጆቹ ግምት 20 ሺህ ያህል ሰው ይመጣል። የመጣው 80 ሺህ እንደነበረ ይነገራል፤ 100 ሺህ የሚሉም አሉ። የሰልፍ ቁጥር ሁልጊዜ በተናጋሪው ፍላጎት ልክ እንደሚያድግ ስለማውቅ በትንሹ እስማማለሁ። ትንሹም ቢሆን ከታሰበው አራት እጥፍ ነው።

የሰልፉን ፎቶግራፎች ሳይ ዓይኔ የሚያርፈው ባንዶቹ ላይ አይደለም። በሕዝቡ መሐል የሚንገዋለሉ ግዙፍ ራሶች አሉ፤ በወረቀትና በሙጫ የተሠሩ፣ ከሰው ቁመት በላይ ከፍ ያሉ። አንዱ ሂትለር ነው፤ ሌሎቹ የናሽናል ፍሮንቱ መሪዎች ጆን ቲንዳልና ማርቲን ዌብስተር። የሠሯቸው ፒተር ፍላክና ሮጀር ሎው ናቸው፤ በኋላ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ባለሥልጣኑን ሁሉ በአሻንጉሊት እየቀረጹ ያሳቁ ሰዎች። ቤትናል ግሪን ውስጥ ቲንዳልን የሚፈራ ሰው ነበር፤ የሚፈራው ሰው ራስ እንደ ጎመን ተነፍቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ በወጣት ጫንቃ ላይ ሲወዛወዝ ማየት ስብከት የማይሠራውን ይሠራል። ዙሪያውን ቢጫ ክብ ምልክት የተሰካባቸው እንጨቶች እንደ ሱፍ አበባ ማሳ ይታያሉ፤ የአንቲ ናዚ ሊግን አርማ፣ ቀዩን ፍላጻ የነደፈው ዴቪድ ኪንግ ነው። ፉጨት፣ ከበሮ፣ ቀለም የተቀባ ፊት። በአንድ ክፍት የጭነት መኪና ላይ ደግሞ ከሳውዝሆል የመጡት ሚስቲ ኢን ሩትስ ሬጌ እየተጫወቱ ይጓዛሉ። ሬጌን በቅርብ የሰማ ያውቀዋል፤ ቤዙ ከጆሮ በፊት ደረትን ነው የሚያንኳኳው። እሑድ ጠዋት ጋዜጣ ሻጩ ዘረኛ በሚቆምበት ሰፈር ያ ድምፅ በየቤቱ መስኮት ሥር አለፈ። የካርኒቫሉ ትልቁ ሥራ ይኸው ይመስለኛል፤ አንድም ባንድ መድረክ ላይ ሳይወጣ የተሠራ።

ፓርኩ ሲደርሱ መድረኩን የከፈቱት ኤክስ ሬይ ስፔክስ የሚባሉት የፓንክ ባንድ ናቸው። ዘፋኟ ፖሊ ስታይሪን፣ የሃያ ዓመት ወጣት፣ አባቷ ሶማሌ፣ እናቷ ነጭ፤ ብሪክስተን ያደገች። እንደ ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። የኦጋዴን ጦርነት ያበቃው ከካርኒቫሉ ወር ከምናምን በፊት ነው። በእኛና በሶማሌ መካከል ያለው ደም ገና አልደረቀም። በዚያው ሰሞን አንዲት የሶማሌ ልጅ ጥርሷ ላይ የጥርስ ማቃኛ ሽቦ አድርጋ፣ ውበት ማለት ይህ ነው የሚለውን ሁሉ እየቀለደችበት፣ ለ80 ሺህ ሰው ትጮሃለች። ፓንክ ውስጥ ሴት፣ ያውም ክልስ፣ ያውም ዘፈኑን ራሷ የምትጽፍ ሴት ብርቅ ነበረች። የካርኒቫሉ ማስታወቂያ ስለ ዘር ነው የሚናገረው፤ እሷ ግን ሳትጠየቅ የሴቱንም ጨመረችበት።

ክላሽ የሚባሉት የፓንክ ባንድ የወጡት ብዙ ሰው የመጣላቸው ሆነው ነው። መሪ ድምፃዊው ጆ ስትራመር የለበሰው ካናቴራ ላይ ግን የጣሊያኑ የግራ ታጣቂ ቡድን፣ የቀይ ብርጌድ ስም ተጽፏል። ቀይ ብርጌድ በዚያን ቀን የቀድሞውን የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር አልዶ ሞሮን አግቶ ይዟል፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ገደለው። እኔ ይህን ቸል ብዬ ማለፍ አልችልም። ኮከብና ጠመንጃ ያለበት ካናቴራ ለለንደን ልጅ ፋሽን ሊሆን ይችላል። በዚያው ፋሲካ አዲስ አበባ ውስጥ ግን ኮከብና ጠመንጃ ልጅ ይለቅም ነበር። ስለ ሰው ልጅ እኩልነት በተጠራ ሜዳ ላይ የዋለው ትልቁ ነውር ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ያም ሆኖ ከቀኑ ሁሉ አስተማሪው ነገር የሆነው በእነሱ ሰዓት ነው። ሻም 69 የሚባለው ባንድ ዘፋኝ ጂሚ ፐርሲ ብቅ ብሎ ከክላሽ ጋር ዋይት ራየትን ዘፈነ። የዘፈኑ ስም በአማርኛ የነጭ ሁከት ማለት ነው፤ ስሙን ብቻ የሰማ የዘረኞች መዝሙር ይመስለዋል። የተጻፈው ግን በ1976 የኖቲንግ ሂል ካርኒቫል ላይ ጥቁር ወጣቶች ከፖሊስ ጋር ሲጋጩ ካዩ በኋላ ነው፤ ስትራመርና ቤዝ ተጫዋቹ ፖል ሲመኖን እዚያ ነበሩ። ጥቁሮቹ ለመብታቸው ሲነሱ እኛ ነጮቹ ምን ሠራን ነው ነገሩ። ፐርሲ ደግሞ ተራ እንግዳ አልነበረም። የሻም 69ን ኮንሰርት ጭንቅላታቸውን የተላጩ የናሽናል ፍሮንት ጎረምሶች ያጨናንቁት ነበር። የራሱን ደንበኛ የሚያስቀይም ዘፋኝ ብዙ አይገኝም። ፐርሲ እዚያ መድረክ ላይ መውጣቱ ከየትኛውም ንግግር በላይ ነበር፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ባንዶች የሚያናግሩት አስቀድሞ የተስማማውን ሕዝብ ሲሆን እሱ ግን ገና ያልተስማማውን ያውቀዋል፣ ሰፈሩንም ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ኮንሰርቶቹ በጠብ እየታመሱ ኖሩ። ዋጋ ከፍሎበታል።

ስቲል ፐልስ ከበርሚንግሃም ሃንድስወርዝ ሰፈር የመጡ፣ ራስ ተፈሪያን የሆኑ ልጆች ናቸው። በዚያ ዓመት ስለ አሜሪካ ነጭ ዘረኞች ማኅበር፣ ስለ ኩ ክላክስ ክላን የሚዘፍኑት ዘፈን ነበራቸው፤ ሲዘፍኑት የክላኑን ነጭ ሹል ቆብ መድረክ ላይ ያጠልቁታል። ጥቁር ዘፋኝ በዚያ ቆብ ውስጥ ሆኖ የሚንቀጠቀጥ ሬጌ ሲጫወት የሚሰማው ስሜት ሳቅ ነው ወይስ ፍርሃት፣ ለመለየት ይከብዳል፤ ያ ነው ጥበባቸው። አረንጓዴ ቢጫ ቀዩም ነበረ እንግዲህ። አዲስ አበባ የንጉሠ ነገሥቱን ስም ማንሳት በሚያስጠይቅበት ዓመት፣ የበርሚንግሃም የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች እሳቸውን ይዘምራሉ። ታሪክ አንዳንዴ ያሾፋል።

ቀኑን የዘጋው የቶም ሮቢንሰን ባንድ ነው። ሮቢንሰን የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን በአደባባይ የሚናገር፣ ስለዚያም የሚዘፍን ሰው ነበር፤ በ1978 እንግሊዝ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሕዝቡ መሐል ቢሊ ብራግ የሚባል፣ ከባርኪንግ የመጣ የሃያ ዓመት የቢሮ ሠራተኛ ቆሟል። የመጣው ክላሽን ለማየት ነው። በኋላ ታዋቂ ዘፋኝ ሲሆን ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ሮቢንሰን ሲዘፍን በዙሪያው ያሉ ወንዶች ተሳሳሙ፤ እሱም መጀመሪያ ደነገጠ፣ እነዚህ ከጥቁሮች ጉዳይ ጋር ምን አገናኛቸው አለ። ቀኑ ሳያልቅ ግን ጠላታቸው አንድ መሆኑ ገባው። ሰኞ ቢሮ ሲገባ ባልደረቦቹ ስለ ጥቁርና ስለ ሕንድ የሚቀልዱትን ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው መሆኑ አበቃ። ብራግ እንደሚለው የለወጠው ክላሽ አይደለም፤ ከእሱ ጋር የቆመው ሕዝብ ነው። ብቻዬን ነኝ ብሎ የሚያስብ ሰው 80 ሺህ ባልደረባ ሲያገኝ አፉ ይከፈታል። ስለ ካርኒቫሉ ውጤት ከተሰጡት ምስክርነቶች ይህን የመሰለ የለኝም።

የድምፅ መሣሪያው የታዘዘው ለሚጠበቀው ሰው ልክ ስለነበር ከኋላ የቆመው ብዙም አልሰማም። ማንም ግድ የሰጠው አይመስልም።

አራት ቀን አለፈ። ሜይ 4፣ የምርጫው ቀን፣ ሐሙስ። አልታብ አሊ የሚባል ወጣት ቤንጋሊ፣ ብሪክ ሌን አጠገብ ሃንበሪ መንገድ ላይ ልብስ ስፌት የሚሠራ፣ ከሥራ ወጥቶ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው። ዋይትቻፕል፣ አድለር መንገድ ላይ ሦስት ጎረምሶች ጠበቁት። የሚያውቁት ሰው አልነበረም፤ ከእሱም የሚፈልጉት ነገር የለም። በስለት ወጉት፤ ሞተ። እሑድ ካርኒቫሉ ከዋለበት ሜዳ እዚያ ድረስ በእግር አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ይህን ሞት ካርኒቫሉ አላቆመውም ብሎ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ኮንሰርት ቢላ አይመልስም። ግን ጥያቄው ይቀራል። 80 ሺህ ሰው ቤትናል ግሪንን አቋርጦ ሲያልፍ የሰፈሩ ቤንጋሊ የት ነበር? አብዛኛው ቤቱ ነበር። የሙዚቃው ዝርዝር ሬጌና ፓንክ ነው፤ ጥቁርና ነጭ። በዚያ ሰፈር በየምሽቱ የሚደበደበው ግን ሲልሄቲ ነው። የተዘፈነለት ሁሉ አለ፣ እሱ የለም። እንግዳው ድግሱን በሰው ግቢ ደግሶ ባለቤቱን ሳይጠራ ቀረ። አዘጋጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ የሚያውቁትን ሰው ነው የጠሩት፣ የሚያውቁት ደግሞ የሙዚቃውን ዓለም ነው።

ሜይ 14 ሌላ ሰልፍ ወጣ፤ ይህ ደግሞ እንደገና ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ። ሰባት ሺህ ያህል ሰው፣ ብዙው ቤንጋሊ፣ የአልታብ አሊን አስከሬን ሣጥን ተከትሎ ከዋይትቻፕል በሃይድ ፓርክ በኩል ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት ሄደ። ያን ያህል ቤንጋሊ አደባባይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በኋላ ወጣቶቹ በየሳምንቱ እሑድ ማልደው ብሪክ ሌን ጫፍ ላይ፣ ናሽናል ፍሮንት ጋዜጣ በሚሸጥበት ቦታ ላይ፣ ቀድመው ይቆሙ ጀመር። ባንድ የለም፣ ድምፅ ማጉያ የለም። ቆሞ መዋል ነው። ቦታውን ያስለቀቀው ይህ ነው እንጂ አንድ እሑድ የተጨፈረ ጭፈራ አይደለም። ካርኒቫሉ ያገዛቸው ካለ፣ አደባባይ ላይ ሲቆሙ ከኋላቸው የሚቆም ነጭ ወጣት በማብዛቱ ነው። አግዟል ብዬ አምናለሁ፤ ግን የድሉ ባለቤት ማን እንደሆነ መቀላቀል የለበትም።

አሁን ወደ ስህተቱ ልምጣ። በቪክቶሪያ ፓርኩ ስኬት የሰከሩት አዘጋጆች ሁለተኛ የለንደን ካርኒቫል ለሴፕቴምበር 24 ጠሩ፤ ከሃይድ ፓርክ ተነስቶ በብሪክስተን ብሮክዌል ፓርክ የሚያበቃ። አስዋድ፣ ኤልቪስ ኮስቴሎ፣ ስቲፍ ሊትል ፊንገርስ። ሰው ከመጀመሪያውም በለጠ ይላሉ። ናሽናል ፍሮንት ግን በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት በኢስት ኤንድ ሰልፍ ጠራ። ተንኮሉ ግልጽ ነው፤ ተቃዋሚው ሁሉ ደቡብ ለንደን ሲጨፍር እነሱ ሰሜኑን ወንዝ ዳር ይይዛሉ። ወሬው ካርኒቫሉ ሳይጀመር ደርሷል። ክርክሩ የከረረ ነበር። ካርኒቫሉን እናቁም፣ ሕዝቡን ወደ ብሪክ ሌን እንውሰድ የሚሉ አሉ። አመራሩ ካርኒቫሉ ይቀጥል አለ። ጥቂት ሺህ ሰው ብሪክ ሌንን ሊጠብቅ ሄደ፤ በፖሊስ ተከበበ፣ ናሽናል ፍሮንትም ሰልፉን አድርጎ ገባ።

አመራሩን የሚከላከሉ ምክንያት አላቸው። መቶ ሺህ ወጣት፣ ብዙው በሕይወቱ ሰልፍ ወጥቶ የማያውቅ፣ ከፖሊስና ከጎረምሳ ጋር ግጭት ውስጥ ማስገባት ኃላፊነት ይጠይቃል። ሕዝቡን ወደዚያ ለመውሰድም አውቶቡሱ፣ ባቡሩ፣ ሰዓቱ አልተሰናዳም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን በሚያዝያ የተሠራውን ነገር ትርጉም ራሳቸው አለማወቃቸውን ያሳያል። በሚያዝያ የሠራው ወደ ዛቻው ሰፈር መሄዱ ነበር። በሴፕቴምበር የያዙት ግን ሙዚቃውንና ቁጥሩን ነው፤ መንገዱን ጣሉት። ድግሱ አድጎ ምክንያቱን ዋጠው። በዲያስፖራው የባህል ቀን ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ዓይነቱን ነገር በትንሹም ቢሆን ያውቀዋል፤ ስለ ድንኳኑና ስለ ዘፋኙ ሲከራከር ተውሎ በዓሉ ስለ ማን እንደነበር የሚረሳበት ምሽት።

በሜይ 1979 ጠቅላላ ምርጫ ናሽናል ፍሮንት 303 ዕጩ አቀረበ። በተወዳደረባቸው ወረዳዎች ያገኘው በአማካይ 1.3 ከመቶ ነው፤ አንድም መቀመጫ አላገኘም፣ ከዚያም ተሰነጣጥቆ ቀረ። ካርኒቫሉ ነው የጣለው የሚሉ አሉ። የሰውን ስሜት በመለወጥ፣ ወጣቱ ናሽናል ፍሮንትን እንደ አሪፍ ነገር እንዳያይ በማድረግ ሚናው ትልቅ ነው። ግን ታቸር በ1978 በቴሌቪዥን ያሉት ቃልም ሥራ ሠርቷል፤ ስደተኛ በዛ የሚለው መራጭ ድምፁን ለሚያሸንፍ ፓርቲ መስጠት እንደሚችል ተረዳ። ፓርቲው ሞተ፣ ሐሳቡ ተከራይ ቀየረ። ከምርጫው ዐሥር ቀን በፊት፣ ኤፕሪል 23፣ ናሽናል ፍሮንት በሳውዝሆል ስብሰባ ሲያደርግ በተነሳው ተቃውሞ ላይ ብሌር ፒች የሚባል የኒውዚላንድ ተወላጅ መምህር ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ይፋ የሆነው የራሱ የፖሊስ ምርመራ መቺው ፖሊስ መሆኑ አይቀርም ይላል። በዚያው ዕለት ፖሊስ የሚስቲ ኢን ሩትስ ሰዎች የሚሰበሰቡበትን ቤት ገብቶ መሣሪያቸውን ሰባበረ፤ የባንዱን ማናጀር ክላረንስ ቤከርንም ለሞት እስኪቃረብ ደበደቡት። ከአንድ ዓመት በፊት በክፍት መኪና ላይ ሆነው ሰልፉን በሬጌ የመሩት እነዚያው ልጆች ናቸው።

የሮክ አጌንስት ሬሲዝም የመጨረሻው ትልቅ ካርኒቫል የተደረገው በጁላይ 1981 በሊድስ ከተማ ነው፤ ቻፕልታውን አጠገብ ፖተርኒውተን ፓርክ ውስጥ። ቻፕልታውን የካሪቢያንና የእስያ ቤተሰቦች ሰፈር ነው። በዚህ ጊዜ ሜዳው የባለቤቶቹ ግቢ ነበር። ስፔሻልስ ተጫወቱ፤ ጥቁርና ነጭ በአንድ ባንድ ውስጥ የተቀላቀለባቸው፣ ከአምስት ዓመት በፊት ደንብ ሆኖ የወጣው ሐሳብ ሥጋ ለብሶ የቆመባቸው። በዚያው ወር ስለ ሥራ አጥነትና ስለ ተዘጉ ክበቦች የሚዘፍነው ዘፈናቸው በእንግሊዝ አንደኛ ወጣ። ካርኒቫሉ ካለፈ በሳምንቱ ገደማ ቻፕልታውን በሁከት ተነሳች፣ ሱቆች ነደዱ።